ዕረፍት የወጡ ቃላት

ማክሰኞ፣ ወር በገባ በአራት

ለተከበሩ እትዬ፣

እንደምን ሰነበቱ? እህትዎስ እንዴት ናቸው? ያ መድኃኒት ተስማማቸው? እኔ ደህና ነኝ፤ ቢያንስ ይህ አንቀጽ እስኪያልቅ ድረስ ደህና ነኝ።

መዘግየቴን አውቃለሁ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለቱንም ቀድጄ ጣልኩ። ያልጨረስኩትን ሁሉ «ጨረስኩ» ስለምል ያወጡልኝ ስም ዛሬም አልለቀቀኝም፤ ሠዓሊያችን እንግዳ ፊት ሳይቀር «ጨረስኩ፣ ትፈለጋለህ» እያለ ነው የሚጠራኝ።

ስለ መስኮቱ ጠረጴዛ ለጠየቁኝ፣ አዎ፣ ለእኔ ተሰጥቷል። ጡረታ በወጡ ማግስት የሒሳብ ክፍሉ ሰውዬ ዓይኑን ጥሎበት ነበር። ሠዓሊው የቀለም ቆርቆሮዎቹን ደርድሮበት አስጣለልኝ። ወንበርዎ አሁንም ሲቀመጡበት ይጮኻል።

ዙሪያ ጥምጥም እንደማይወዱ አውቃለሁና ወደ ጉዳዬ ልግባ። ሥራ አስኪያጁ ባለፈው ሳምንት እኔንና ሠዓሊውን አስጠርቶ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ወረቀት ዘረጋ። የብርድ ልብሳችን የአምናው የበዓል ማስታወቂያና የካቻምናው ናቸው፤ ሁለቱም የእኔ ሥራ።

«የአምናው የትኛው ነው?» አለኝ።

አየኋቸው። አንዱ «ሞቅ ያለ በዓል፣ ሞቅ ባለ ብርድ ልብስ» ይላል። ሌላው «የቤተሰብ ፍቅር፣ የብርድ ልብስ ሙቀት» ይላል። እርስዎን ይንሳኝ፣ መለየት አቃተኝ።

«እኔም አልቻልኩም» አለ። «ዘንድሮ ደግሞ ለኢንተርኔት ገጻችን በየቀኑ አንድ ነገር መጻፍ አለብን። በየቀኑ ይኼንኑ ስንጮህ ሰው ጥሎን ይሄዳል። አዲስ ነገር ካላመጣችሁ የበዓሉን ሥራ ለውጭ ድርጅት እሰጣለሁ። የማስታወቂያ ክፍሉንም እዘጋለሁ፤ ሁለታችሁም መጋዘን ትገባላችሁ።»

ይኸው ነው እትዬ። እኔስ ግድ የለም፣ ካርቶን መሸከም እችላለሁ። ሠዓሊው ግን ዕድሜ ልኩን ከብሩሽ የከበደ ነገር አንስቶ አያውቅም።

እህትዎን እያስታመሙ በሥራ ወሬ ላስቸግርዎ አልፈለግኩም ነበር። ግን ማንን ልጠይቅ? ተማሪ ሳለሁ አውቶቡስ መጠበቂያው ላይ «ጠዋት ‹ትንሽ ልቆይ› የሚያሰኝ» የሚለውን ማስታወቂያዎን ለማንበብ ስል አንድ ፌርማታ ቀድሜ እወርድ ነበር። ያንኑ ብርድ ልብስ፣ ለዚያው በዓል፣ ለዚያው ሰው በየዓመቱ ሲጽፉ አንድም ቀን ራስዎን አልደገሙም። እኔ ገና በሦስተኛ ዓመቴ ቃል አለቀብኝ። እንዴት ነበር የሚያደርጉት?

አክባሪዎ፣
ጨረስኩ (የግድ ከሆነ)


ሐሙስ፣ ወር በገባ በአሥራ ሦስት

ለጨረስኩ፣

ሰላም ነህ ወይ? መጀመሪያ ቁጣዬን ልወጣ። «ላስቸግርዎ አልፈለግኩም» ማለት ምን ማለት ነው? እዚህ ቀኑን ሙሉ ትራስ ሳስተካክልና ሾርባ ሳበርድ ነው የምውለው። ደብዳቤህ ሲመጣ ሥራ የተሰጠኝ ያህል ነው የዘለልኩት። ሁለተኛ እንዲህ ብለህ እንዳትጽፍልኝ።

እህቴ ትንሽ ተሻላት። ትንሽ ማለት ትንሽ ነው፤ ሌላ ጥያቄ አታስከትልበት። ፖስታው ጀርባ ላይ «ብደውል ይሻላል?» ብለህ የጫርካትንም አይቻታለሁ። አይሻልም። ቤቱ ጠባብ ነው፣ እንቅልፏም ስስ ነው፤ ስልክ በጮኸ ቁጥር ደንግጣ ትነቃለች። ደግሞስ የጽሑፍ ሰው አይደለህ? ጻፍ።

እንዴት ነበር የሚያደርጉት ላልከኝ፣ ቃላትን ዕረፍት አስወጣ ነበር። አትሳቅ። ሠራተኛ ዓመቱን ሙሉ ሲለፋ ከርሞ ዕረፍት ይወጣል አይደል? ቃልም እንዲሁ ነው። በዓሉ ባለፈ ማግስት የዚያን ዓመት ማስታወቂያ አወጣና በጣም የሠሩልኝን ቃላት በትልቁ ጽፌ ግድግዳ ላይ እለጥፋለሁ፤ ከላዩ «ዕረፍት ላይ ናቸው» እላለሁ። በሚቀጥለው ዓመት እነሱን የነካ ወየውለት። የሠሩትን ነው ያልኩህ፣ ልብ በል። የሰነፈውን ቃል ማንም ያባርረዋል፤ ጎበዙን ቤቱ መላክ ነው ጭንቁ።

አንድ ዓመት ተራው የ«ሙቀት» ሆነ። የዚያን ጊዜው ሥራ አስኪያጅ ግድግዳውን ሲያነብ ፊቱ ቲማቲም መሰለ። «አንቺ ሴትዮ፣ ብርድ ልብስ ያለ ሙቀት? ነገ ደግሞ ዳቦ ያለ ዱቄት ልትጋግሪ ነው?» አለኝ። እኔም አፌን ሞልቼ «አዎ» አልኩት፤ እሱ ሲወጣ ግን በፍርሃት ቃሉን ልመልሰው ሁለት ጊዜ ግድግዳው ድረስ ሄጃለሁ። «ትንሽ ልቆይ» የምትላት፣ አንተን አንድ ፌርማታ ቀድማ ያስወረደችህ፣ የዚያ ዓመት ልጅ ናት።

ሂድና ግድግዳህን አዘጋጅ። ሠዓሊውን ሰላም በልልኝ። ቆርቆሮዎቹን ከጠረጴዛዬ ላይ ያንሳ።

የቀድሞ አለቃህ


ዓርብ፣ ወር በገባ በሃያ አንድ

ለተከበሩ እትዬ፣

እጅ እነሳለሁ። ይህን የምጽፈው አንገቴን ሰብሬ ነው።

ዘዴዎ በደረሰኝ ቀን ሥራ ላይ አዋልኩት። ችግሩ ከእርስዎ የባስኩ ቸር አለቃ መሆኔ ነው። ሙቀትን ዕረፍት አስወጣሁ። ፍቅርን፣ ቤተሰብን፣ ስጦታን፣ ደስታን አስከተልኩ። ሠዓሊው «በዓልስ ይረፍ እንጂ፣ ምን በደለ?» አለ፤ እሱንም አስወጣነው። በመጨረሻ «ብርድ ልብስ» የሚለው ራሱ በየዓመቱ እንዳለ አስተዋልንና ያለ ርኅራኄ አሰናበትነው። የቀረን ይኸው ነበር፦

«ዘንድሮ ምንም አንልም። ገብተው ይዩት።»

በጣም ኮራን። ሠዓሊው ጥቁር መደብ ላይ በነጭ ጻፈው፣ አማረበት። ሥራ አስኪያጁ ጠረጠረ፤ «እስቲ መጀመሪያ በአንድ ሱቅ ሞክሩት» አለ። ገበያው መግቢያ ላይ ያለችውን ባለ ሱቅ ያስታውሷታል አይደል፣ ከሁሉም የበለጠ የምትሸጥልንን? እሷ መስኮት ላይ ለጠፍነው።

ጠዋት የመጀመሪያው ደንበኛ ገባ። ባርኔጣውን አወለቀ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ማን ነው?» አላት።

«ምኑ?»

«የሞተው።»

ቀጥሎ ሁለት ሴቶች መጥተው «ልትዘጊው አይደል? እንግዲያው በግማሽ ዋጋ ስጪን» ብለው ሙግት ገጠሙ። ጎረቤቷ ጫማ ሻጭ ወንበሩን ተሸክሞ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ፤ ለምን እንደመጣ ስትጠይቀው «አይዞሽ፣ እኛ አለን» አላት። እኩለ ቀን ላይ ማስታወቂያውን ገንጥላ በእጇ እንደያዘች ቢሯችን ከች አለች። ለሥራ አስኪያጁ ያለችውን አልጽፍልዎትም፣ ወረቀቱ አይችለውም።

እሷ ስትወጣ ሥራ አስኪያጁ አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። «አንድ ዕድል ብቻ ቀርቷችኋል» አለ ረጋ ብሎ። የውጭው ድርጅት ሰዎችም ቀጠሮ ይዘዋል።

ዘዴውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ እርስዎ የሉበትም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት። «ሙቀት»ን ዕረፍት ባስወጡ ጊዜ ፈርተው እንደነበር ነግረውኛል፤ ከዚያ በኋላስ ፍርሃቱ ለቀቀዎት?

ጨረስኩ (እውነትም ሳልጨርስ አልቀረሁም)


ረቡዕ፣ ወር በገባ በሃያ ስድስት

ለጨረስኩ፣

ደብዳቤህን ቆሜ ማንበብ ጀምሬ ተቀምጬ ጨረስኩት፤ በሳቅ መቆም አቅቶኝ ነው። እህቴ «ምን ሆንሽ?» ብላ ተጣራች። ሄጄ ከመጀመሪያው አነበብኩላት። «የሞተው» ላይ ስንደርስ ትራሷን አቅፋ እስኪያስላት ሳቀች። እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ስትስቅ ስሰማት የመጀመሪያዬ ነው፤ ስለዚህ ማስታወቂያህ ከንቱ አልቀረም። «ያንን ልጅ ደግሞ ይጻፍ በይው» ብላሃለች።

አሁን ጥፋትህን ልንገርህ። ቃላቱን ዕረፍት ስታስወጣ ብርድ ልብሱንም አብረህ ሸኘኸው። እኛ ቃሉን የምናሳርፈው ዓይናችን ሥራ እንዲገባ ነው። «ሙቀት» የሚል ቃል በእጅህ ካለ ብርድ ልብሱን ዞር ብለህ አታየውም፤ ቃሉን ታስቀምጥና ወደ ቤትህ ትሄዳለህ። ቃሉን ሲነጥቁህ ግን ወጥተህ ከማየት ሌላ ምን አማራጭ አለህ? አንተ ወዴት ወጣህ? የትም። ከሠዓሊው ጋር ተፋጥጠህ ዋልክ።

ስለዚህ ባለ ሱቋ ዘንድ ሂድ። ይቅርታ ጠይቃት፤ ትሳደባለች፣ እስክትጨርስ ተዋት። ከዚያ ከባንኮኒው ጀርባ ቆመህ ደንበኛ የዘረጋውን ብርድ ልብስ መልሰህ እጠፍ። ማንንም አትጠይቅ፣ ምንም አትጻፍ። እጅህ ሲያጥፍ ጆሮህ ሥራ ፈት ነው። እኔ በየዓመቱ እንዲህ ነበር የማደርገው፤ ለቢሮው ግን «ጥርስ ሐኪም ዘንድ ነኝ» እላቸው ነበር። ያን ሁሉ ዓመት አንድም ሰው ስንት ጥርስ ነው ያለሽ ብሎ አልጠየቀኝም።

ፍርሃቱ ለቀቀዎት ወይ ላልከኝ፣ አንድም ዓመት አልለቀቀኝም። የማይፈራ ሰው የአምናውን ይደግማል።

የቀድሞ አለቃህ


ረቡዕ፣ ወር በገባ በሦስት

ለተከበሩ እትዬ፣

እህትዎ እንደሳቁ ሲነግሩኝ ስንት ቀን የተሸከምኩት እፍረት ወረደልኝ። እግዜር ያክብርልኝ።

ሄድኩ። ባለ ሱቋ እንዳሉት ሰደበችኝ፤ ደክሟት ስታበቃ «በል ቁም እዚያ» ብላ የሚታጠፈውን አሳየችኝ። ከዚያ ወዲያ ከጠዋት እስከ ማታ ሳጥፍ ሰነበትኩ። አንድ ባል ለድርብ አልጋ የሚሆነውን ትቶ ሁለት ነጠላ ብርድ ልብስ ጠየቀ። ሚስቱ «ምን ነካህ?» ስትለው «ዓመቱን ሙሉ ስትጎትቺው ያደርሽውን እኔ ነኝ የማውቀው» አላት። ሱቁ በሙሉ ሳቀ። ጥሩ ማስታወቂያ ይወጣዋል ብዬ ልሄድ ነበር፤ ግን «ጨረስኩ» ከማለቴ በፊት ትንሽ ልታገሥ ብዬ ቆየሁ።

አንዲት ሴት ከወንድሟ ጋር ለእናታቸው ሊገዙ መጡ። ወንድምየው «የአምናውስ?» አለ። እሷ «ከነላስቲኩ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው» አለችው። «ለእንግዳ ብላ አስቀምጣዋለች። የካቻምናውም እንደዚያው ነው።» ገዝተው ወጡ።

ከዚያ በኋላ ጆሮዬ ሌላ ነገር አልሰማ አለ። አባቱ አሮጌውን ለብሶ አዲሱን ለእንግዳ ያስቀመጠ፤ አክስቱ «ይቆሽሻል» ብላ ያልከፈተችው፤ የባለ ሱቋ የራሷ አማት ሳይቀሩ። እትዬ፣ ሰው ማስታወቂያችንን የሰለቸው ቃሉ ስላረጀ ብቻ አይመስለኝም። በየዓመቱ ሙቀት ሙቀት እንላለን፤ ሙቀቱ ግን ከነላስቲኩ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። ማታውኑ ይህን ጻፍኩ፦

«አምና የተሰጠዎት ብርድ ልብስ ከላስቲኩ ወጥቷል? ለእንግዳ ነው? እንግዳው እስኪመጣ እርስዎ ይልበሱት።»

ሠዓሊው እንዳነበበው እናቱ ጋ ደወለ። ሥራ አስኪያጁ ግን ወረቀቱን ከዓይኑ አርቆ ያዘው። «ይኼ እኮ አትግዙ ማለት ነው! በበዓል ገበያ፣ በገዛ ገንዘቤ፣ አትግዙ ልበል?» አለ። እስከ ሳምንቱ መጨረሻ አስብበታለሁ ብሎ አስቀምጦታል። የውጭው ድርጅት ሰዎች ትናንት መጥተው ክፍላችንን በዓይናቸው ለክተው ሄዱ። ሠዓሊው ንጹሑን ብሩሽ ሁሉ ደጋግሞ እያጠበ ነው፤ ሲጨንቀው እንዲህ ነው።

እና ምን ይመክሩኛል? «አምና» የሚለውን አውጥቼ መጨረሻው ላይ «አዲስ ይግዙ» ልበልበት? እንደዚያ ካደረግኩት ያሳልፈዋል።

ጨረስኩ


እሑድ፣ ወር በገባ በሰባት

ለጨረስኩ፣

ደብዳቤህ ትናንት ደረሰኝ። አንዲት ቃል እንዳትነካ። «አዲስ ይግዙ» የምትል ነገር አስገብተህ ብሰማ አላውቅህም፣ አታውቀኝም።

የሥራ አስኪያጁ ስልክ የድሮው ከሆነ ቁጥሩ አለኝ፤ ነገ ጠዋት እደውልለታለሁ። አዎ፣ እኔው ራሴ፣ በስልክ። ለምን ብለህ እንዳትጠይቀኝ።

እህቴ ደህና ናት። እዚህ ቤት ዛሬ ሥራ በዝቶብኛል፤ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

የቀድሞ አለቃህ


ቅዳሜ፣ ወር በገባ በሃያ ሰባት

ለተከበሩ እትዬ፣

እንኳን አደረስዎ! ዝም ያልኩት በሥራ ብዛት ነው፤ ደግሞ በዓሉ ሳያልፍ «ተሳካ» ብዬ ደግሜ እንዳላፍር ፈርቼ ነው። አሁን አልፏል። ተሳካ።

በደወሉለት ዕለት ሥራ አስኪያጁ አስጠራን። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ቆሟል። «ሴትዮዋ ዛሬም ያው ናት» አለ፤ ቀጥሎ «አሳትሙት» አለ። ድምፁ እንደ ሁልጊዜው አልነበረም። ምን እንዳሉት ብንጠይቀው «ሂዱ ሥራችሁን ሥሩ» ብሎ አባረረን። ሠዓሊው አስፈራርተውት ነው ይላል። እኔ ግን የፈራ ሰው እንደዚያ አይሆንም እላለሁ። ምን አሉት እትዬ?

ማስታወቂያው በወጣ በሳልስቱ አንዲት ልጅ የአባቷን ቁም ሣጥን ፎቶ አንስታ ገጻችን ላይ ለጠፈች። ከነላስቲኩ ሦስት ብርድ ልብስ። «አባዬ ተይዟል» ብላ ጻፈችበት። በማግስቱ አባትየው አንዱን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ የሚያሳይ ፎቶ መጣ፤ «እንግዳው ነኝ» ይላል። ከዚያማ ማን ያቁመው! በየቀኑ ምን እንጽፋለን ብለን የተጨነቅንበትን ገጽ ሰዉ ራሱ ይጽፍልን ጀመር። የአንዱ ከሌላው አይገጥምም፤ እያንዳንዱ ቤት የራሱ ቁም ሣጥንና የራሱ ሰበብ አለው።

ገበያውስ? ባለ ሱቋ የምታጥፈው አጣች። «የእንግዳውን ለበስነው፤ አሁን እንግዳ ቢመጣ ምን እናለብሳለን?» እያሉ ይገዛሉ። ሥራ አስኪያጁ የውጭውን ድርጅት አሰናብቶታል። ክፍላችን አይዘጋም። ሠዓሊው ሲነገረው ወደ ጓዳ ገባ፤ ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል፣ ቀለም ገባብኝ አለ።

ሰው ሲያመሰግነኝ የእርስዎ ሥራ ነው እላለሁ፤ ሐሰት አልተናገርኩም። እርስዎ ባይልኩኝ እግሬ ከቢሮ አይወጣም ነበር።

አክባሪዎ፣
ጨረስኩ (ዘንድሮ በእውነት)


ዓርብ፣ ወር በገባ በሦስት

ለጨረስኩ፣

እንኳን አብሮ አደረሰን። ሠዓሊውን እኔም ቀለም ገብቶብኝ ነበር በለው።

ሥራ አስኪያጁን ምን እንዳልኩት ጠይቀኸኛል። የሆነውን ነው የነገርኩት፤ ለአንተም ከዚያ አልጨምርልህም።

ማስታወቂያው ያለበትን ያንን ደብዳቤህን አልጋዋ ጫፍ ተቀምጬ ለእህቴ አነበብኩላት። ባልና ሚስቱ ላይ ሳቀች። ማስታወቂያው ላይ ስደርስ ሌላ ሳቅ ጠብቄ ቀና አልኩ፤ አልሳቀችም። ዓይኗ ወደ ቁም ሣጥኑ ሄዶ ቶሎ ተመለሰ። «ምነው?» አልኳት። «ምንም» አለች። እኔ እህቷ አይደለሁ? ተነሥቼ ከፈትኩት።

ልብሷ የሚሰቀለው በግራ በኩል ነው። የቀኙን በር እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ ነክቼው አላውቅም፤ ተቆልፎ ነው የሚውለው፣ ቁልፉን ከትራሷ ሥር ነው ያወጣሁት። በየዓመቱ ለበዓል የላክሁላት ብርድ ልብስ ሁሉ እዚያ ነው፣ ከታች እስከ ላይ፣ ከነላስቲኩ። የየዓመቱ ማስታወቂያዬም ላስቲኩ ላይ እንደተለጠፈ። እሷ ደግሞ ጠርዙ የተተረተረ አሮጌ ለብሳ ተኝታለች፤ እኔ ማታ ማታ እግሯ ሥር የምጠቀጥቀው እሱን ነበር። የላክሁላት ሁሉ ለብሳው ያለቀ መስሎኝ።

«ለየትኛው እንግዳ ነው?» አልኳት። መቆጣቴ ነበር።

«ላንቺ ነዋ» አለችኝ። «ለበዓል የመጣሽ እንደሆነ ብዬ።»

በበዓል ሥራ እንደሚበዛብኝ ታውቃለህ። ሌላ የምለው የለኝም።

ለሰውዬው ይህን ነገርኩትና እንዲህ አልኩት፦ እኔ ያን ሁሉ ዓመት ጻፍኩ፣ ቃል አሳረፍኩ፣ ተመሰገንኩ፤ አንድም ቀን የገዛ እህቴን ቁም ሣጥን አላስከፈትኩም። ይህ ልጅ በአንድ ንባብ አስከፈተው። እሱን መጋዘን ከላክኸው የምታጣውን አታውቀውም። ይህን ብዬ ስልኩን ዘጋሁት።

ስለዚህ ምስጋናውን ወደ እኔ አትግፋ። እኔ ሱቅ ቆሜ የሰማሁት ሰው እንዴት እንደሚገዛ ነው፤ አንተ የሰማኸው ከገዛ በኋላ ምን እንደሚሆን ነው። ከዚያ ወዲያ ማየት ለእኔ አልመጣልኝም። ካስተማርኳቸው ሁሉ እበልጣለሁ እያልኩ ነበር የኖርኩት፤ አንተን ሳይ ግን መበለጤ ደስ አለኝ። ኮርቼብሃለሁ፤ ይህን በቃሌ ብነግርህ ስለማለቅስ በጽሑፍ ሆነ።

ያቺን አጭር ደብዳቤ በጻፍኩልህ እሑድ ላስቲኩን ስቀድ ዋልኩ። እህቴ አሁን ሰማያዊውን ለብሳ እኔን ታዝዛለች፤ ቢጫው አላማራትም፣ ለእኔ ደረሰኝ። አንዱን ግን አላስከፈተችኝም። ብዙ ተከራከርን፤ ማስታወቂያህን በቃሌ አነበነብኩላት፣ አልሰማ አለች። «ያ የሚያስቀኝ ልጅ የመጣ እንደሆነ» ብላ ላንተ አስቀምጣዋለች።

በዓሉ አልፏል፣ ሥራህም ቀሏል። እሷ በር በተንኳኳ ቁጥር አንተ እየመሰልካት ነው። ና።

የቀድሞ አለቃህ